ገመዱን የሚይዘው ሰው

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፣ ኅዳር 13 ቀን 2010

ለተከበሩ አክስቴና አሳዳጊ እናቴ ለእትዬ ካሰች፤

ከሁሉ አስቀድሞ የእግዚአብሔር ሰላም ከደጅዎ አይራቅ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? አሳዳጊ አባቴ አያ ወልደአምላክስ? እኔና ልጄ ትህትና በጤና አለን፤ ምስጋና ለፈጣሪ። ስልክ ብደውል ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን ኔትወርኩ ኮረብታው ላይ ብቻ እንደሚገኝና እዚያ ሆነው ሲጮኹ ቀበሌው ሁሉ እንደሚሰማ ስለነገሩኝ ይኸው በሀብተማርያም እጅ ልኬያለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ቤቱ እዚሁ ቅርብ ሀያትስቪል ነው፣ ዘመዶቹ ግን ወልድያ ናቸው፤ ሊጠይቃቸው እየመጣ ነው።

የምጽፍልዎ ስለ ትህትና ነው። ሄለን ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ለእኔ የምትሰጠኝ መልስ “ኦኬ” እና “ፋይን” ብቻ ሆኗል። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ አንዲት ቃል ትወረውርልኝና ክፍሏ ትገባለች። የእናቷን ስም ካነሳሁማ በሩ ነው የሚመልስልኝ። ቄሱ መከሯት፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ አነጋገረቻት፤ ወይ ፍንክች! እውነቱን ልንገርዎ እትዬ፣ ሚስቴን ቀብሬ ልጄን ደግሞ በቁሟ እያጣኋት ነው።

አሁን ግን አንድ ነገር ወዳለች። እኔ እዚሁ አጠገባችን ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ላብራቶሪ ውስጥ እንደምሠራ ያውቃሉ። ከላብራቶሪው አጠገብ ግድግዳ በገመድ የሚወጣበት ጂም አለ። ትህትና ከትምህርት ቤት በሜትሮ ባቡር እየመጣች እዚያ ትወጣለች፣ እኔ ሥራ እስክጨርስ ትቆያለች። አሁን ደግሞ በብርድ ጊዜ በረዶ ሆኖ የሚቆም ፏፏቴ ላይ መውጣት ልጀምር ትላለች። ጫማ ሥር የብረት ጥርስ ይታሰራል፤ በሁለት እጅ እንደ ትንሽ ዶማ ያለ፣ አፉ የሾለ ነገር ይያዛል፤ በረዶውን በእሱ እየመቱ፣ በእግር እየረገጡ መውጣት ነው። እብደት ነው አልኳት። “ዩ ዶንት ኢቭን ኖው” አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አላውቅም።

ጓደኛዋ ሄኒ ከታች ሆና ከወገቧ የሚታሰረውን ገመድ ልትይዝላት ነበር፤ የሄኒ እናት ከለከለቻት። ባለፈው ሳምንት መኪና ውስጥ “አንተ ትይዝልኛለህ?” አለች። በሁለት ዓመት ውስጥ ከእኔ የጠየቀችው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

አባቴ ገደል ማር ሊቆርጥ ወርዶ ገመድ ተበጥሶበት ከሞተ በኋላ እርስዎ ያስገዘቱትን አልረሳሁም፦ ከዚህ ቤት የተወለደ በገመድ ገደል ላይ እንዳይንጠለጠል። እኔ ግን መሬት ቆሜ ነው የምይዘው፣ አልንጠለጠልም። ቦታውም ቢሆን ውሃ እንጂ ገደል ነው ለማለት ይከብዳል። እርስዎ ሳይመርቁኝ ግን እጄን አልዘረጋም። ምን ይላሉ?

ለአያ ወልደአምላክ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ።

ልጅዎ ዓባይነህ ተሻገር

———

ላስታ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓባይነህ፤

አምላክ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ፣ የልጅህን ፍሬ ያሳይህ። እኔ ጉልበቴን ይዞኝ ነው እንጂ ደኅና ነኝ። ጾሙንም ይዘነዋል። ደብዳቤህ ላይ 2010 ብለህ ጽፈሃል፤ እኛ ገና 2003 ላይ ነን፣ ምነው እንዲህ ጥለኸን ሮጥክ?

ያልከውን ሳነብ አበስኩ ገበርኩ! በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩት ለካ እንዲህ ያለ ጉድ ላነብ ኖሯል። ውሃ ላይ ልትወጣ? ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ሰምተህ አላደግክም? ሲቀልጥስ ምኑን ልትይዝ ነው? ጥጋብ ነው ልበል ብዬ ነበር፤ እናት የሞተባት ልጅ ናት ብዬ አፌን ያዝኩ።

ግዝቱን ደግሞ ግማሹን ነው የያዝከው። የንስሐ አባታችን አባ የገዘቱት እንዲህ ብለው ነው፦ ከዚህ ቤት የተወለደም ሆነ በጋብቻ የገባ በገመድ እንዳይንጠለጠል፤ ለተንጠለጠለ ሰውም ገመድ እንዳይዝ። የሚይዘውን ጨምሮ ነው። መሬት ቆሜ፣ ውሃ ነው፣ ግድግዳ ነው እያልክ አትሟገተኝ፤ ነገር አዋቂ መሆንህን ከጥንት አውቃለሁ።

ልጅቷ ሌላ ጨዋታ ትፈልግ። በዚያ ሁሉ አገር ኳስ ጠፋ? በሞቴ ይህን ነገር ተወው።

የማንበቢያ መነጽሬ እግሩ ተሰብሮ በክር አስሬዋለሁ። ሰው ካገኘህ ሌላ ላክልኝ።

አክስትህ ካሰች

———

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2010

ለእትዬ ካሰች፤

እንደምን ሰንብተዋል? ለበዓሉ በሰላም ያድርስዎ። መነጽሩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው፤ ሁለት አድርጌዋለሁ፣ አንደኛው ቢሰበር።

አይቆጡኝ እንጂ ጂም ውስጥ ገመድ ይዣለሁ። የእርስዎ ደብዳቤ ሳይደርሰኝ ነው። ገመድ ለመያዝ እዚያ መጀመሪያ ፈተና አለ። ሀርነስ የሚባል የወገብና የጭን መታጠቂያ ያስታጥቁዎታል፤ መታጠቂያው ላይ ገመዱ የሚያልፍበት ብረት ይሰካል፤ የወጣው ሰው ሲወድቅ ብረቱ ገመዱን ይነክሳል፣ የእርስዎ እጅ ከታች ገመዱን ይዞ ይቆያል። ይኸው ነው። እኔ ግን ገመዱን እንደያዝኩ ሁለት ጊዜ መዳፌ ላይ ጠመጠምኩት። አስተማሪዋ ጮኸችብኝ። “የሰው ክብደት ሲመጣ እጅህን ይዞት ይሄዳል!” ብላ ፌይል አደረገችኝ። ጣለችኝ ማለቴ ነው፤ በአርባ ስድስት ዓመቴ ልጄ ፊት ፈተና ወደቅኩ። መጠምጠሙን ከማን እንዳየሁት እኔም አላውቅም። ትህትና ሳቀች። እትዬ፣ ሳቀች! ለዚያ ሳቅ ስል ሌላም ፈተና እወድቃለሁ አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን አለፍኩ።

ያን ቀን ስንመለስ ቤልትዌይ የሚሉት ዙሪያ መንገድ ላይ አደጋ ደርሶ መንገዱ ተዘጋጋ። ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ እስክንደርስ ሌላ ጊዜ ብሆን እሳደብ ነበር። ትህትና በራሷ ጊዜ ስለ እናቷ ጀመረች። ሄለን ሆስፒታል ተኝታ ሳለች “ዛሬ አትምጪ፣ ትምህርትሽን ተማሪ” ብላት ቀርታ ነበር፤ በማግስቱ ነው ያረፈችው። ልጄ ይህን ሁለት ዓመት ብቻዋን ተሸክማ ኖራለች። እኔ አባት ተብዬ አላወቅኩም።

ስለዚህ ተወው ያሉኝን መተው አልቻልኩም። እምቢ ካልኳት በሩ ተመልሶ ይዘጋብኛል፣ ሁለተኛም አይከፈትልኝም። ግዝት ጥሼ ደግሞ መቁረብ ይቅርና ቤተ ክርስቲያን ደጅ መቆም አልችልም። አባን ይለምኑልኝና ይፍቱልኝ። የምንሄደው ጥር 22 ቀን ነው። ወደ ሰሜን ብዙ ሰዓት ይነዳል፤ አስተማሪም አለን፣ መሣሪያውንም ተከራይተናል።

አያ ወልደአምላክ በደብዳቤዎ ውስጥ ስማቸው የለም። ታመው ይሆን?

ልጅዎ ዓባይነህ

———

ላስታ፣ ጥር 5 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓባይነህ፤

ሰላምህ ይብዛ። መነጽሩ ልክ ሆነኝ፤ እጅህ ይባረክ።

አባን ለመንኳቸው። መጀመሪያ ተቆጡ፤ ስለ ልጅቷ እናት ስነግራቸው ግን ልባቸው ራራ። ጥር 22 የዑራኤል ዕለት ስለሆነ ከቅዳሴ በኋላ ይፈታል ብለዋል። እዚያው ቀን በመዋሉ ደስ አለኝ። ቅዳሴው ሳይወጣ ገመድ እንዳትነካ፤ ነግሬሃለሁ። ለልጅቷ እናቷ የሠራችው ልክ ነው በላት፤ እናት ስትሞት ልጇ እንድታያት አትወድም።

ወልደአምላክ ደኅና ነው። ስለ ገመድ ግን ለእሱ እንዳትጽፍለት፣ በስልክም እንዳታነሳበት።

ካሰች

———

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጥር 30 ቀን 2011

ለእትዬ ካሰች፤

ጤናዎን እየለመንኩ በፍርሃት ነው የምጽፍልዎ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው። “የዑራኤል ዕለት” የሚለውን ሳነብ ክው አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እዚህ ስንኖር የፈረንጁን ጃንዩወሪ ጥር ማለት ልማድ ሆኖብናል። እኔ ጥር 22 ያልኩት የእናንተን ጥር 14 ነው። አባ ግዝቱን የሚፈቱት ዛሬ ነው፤ እኛ ደግሞ ሄደን ከተመለስን ሳምንት አልፎናል። ስለዚህ የያዝኩት ግዝቱ ሳይፈታ ነው። ደብዳቤዎ ሲዘገይብኝ ፈቅደዋል ብዬ አልሄድኩም፣ አልዋሽዎትም። ትህትና ቦርሳዋን አዘጋጅታ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ እምቢ ማለት ስላቃተኝ ነው።

የሆነውን በሙሉ ልንገርዎ። ፏፏቴው ከቤተ ክርስቲያናችን ጉልላት ይበልጣል። ነጭ ብቻ ነው ብዬ ነበር፤ ሰማያዊም ቢጫም አለው። ውስጡ ውሃው ሲወርድ ይሰማል። ገመዱ አናት ላይ ካለ ዛፍ ዞሮ አንዱ ጫፍ ልጅቷ ወገብ ላይ፣ ሌላው እኔ ጋ ነው። አስተማሪያችን ጠንካራ ሴት ናት። ለጀማሪ ሁሉ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ “በእጅሽ አትንጠልጠዪ፣ እግርሽን እመኚ።” ትህትና ግን ዶማውን አንቃ ይዛ በክንዷ ብቻ ትጎትት ነበር። በሁለቱም እግሯ ሳትቆም ትመታለች፣ በረዶው እንደ ሳህን ይሰበርና ይረግፋል። የሚረግፈው በረዶ ከሥር ያለውን ሰው እንዳይመታ የወጣው “አይስ!” ብሎ ይጮሃል። እኔም ገለል ብዬ መቆም ነበረብኝ።

የመጀመሪያውን ወጥታ ስትወርድ እጇ ደንዝዞ ነበር፤ ደሙ ሲመለስ የሚያመው ሕመም ጉድ ነው። ቁጢጥ ብላ አለቀሰች። ጓንቷን አውልቄ እጇን ጃኬቴ ውስጥ፣ ብብቴ ሥር አስገባሁት። እናቷ ከተቀበረች ጀምሮ እንዲህ አስጠግታኝ አታውቅም። ይብቃን አልኳት፤ አንድ ጊዜ ብቻ አለች።

በሁለተኛው ከግማሽ በላይ ወጣች። አሁን ተረከዟን ዝቅ አድርጋ፣ ቀጥ ብላ እየቆመች ነበር፤ አስተማሪዋም “ጉድ፣ ጉድ” ትላለች፣ በእነሱ ቋንቋ ጥሩ ማለት ነው። ወዲያው የቆመችበት በረዶ ቁናን የሚያህል ሆኖ ተገመሰ። ሁለቱም ዶማ ተነቀለ። “አባ፣ ያዘኝ!” አለች። በአማርኛ። ገመዱ ሲወጠር እኔን ከመሬት አነሳኝ፤ በረዶው ግድግዳ ላይ ትከሻዬን ላተመኝ። አንድ ስባሪም ራሴን መታኝ፣ ሄልሜቱ አዳነኝ። እጄ ግን ገመዱ ላይ ነበር። ልጅቷ አየር ላይ ተወዘወዘች፣ እኔም ተንጠልጥዬ ነበር፤ እንዲህ ሆነን ተያየን። ቀስ አድርጌ አወረድኳት። አንገቴን አቅፋ ረጅም ጊዜ ቆየች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ።

ስመለስ መኪና እየነዳሁ አንድ ሐሳብ አልለቅ አለኝ። ስለ አባቴ “ገመዱ ተበጠሰ” ተብዬ ነው ያደግኩት፤ አንድም ቀን ከዚያ አልፌ አልጠየቅኩም። ገመድ ግን ሁለት ጫፍ አለው። አባቴ ሲወርድ ሌላውን ጫፍ የያዘለት ሰው ነበረ። ማን ነበር?

ግዝት ስለጣስኩ የምታዘዘውን ንስሐ እቀበላለሁ። ይህን ብቻ አይደብቁኝ።

ልጅዎ ዓባይነህ

———

ላስታ፣ መጋቢት 12 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓባይነህ፤

ሁለታችሁንም ያወጣ አምላክ ስሙ ይመስገን። ለመልሱ የዘገየሁት ታምሜ አይደለም። ደብዳቤህን ሳጥን ውስጥ ከትቼ ጾሙ እስኪገባ ድረስ አላወጣሁትም። ፈርቼ ነው።

መጀመሪያ የንስሐውን ልንገርህ። አባ ጥር 22 ግዝቱን ፈቱ፤ ካህናቱም ነበሩ። ኋላ ቀኑ እንደተሳሳተ ስነግራቸው በጣታቸው ቆጠሩና “14 የአቡነ አረጋዊ ነው፤ ዘንዶ ይዘው ደብረ ዳሞ የወጡት ጻድቅ ቀድመውን ፈትተውላቸዋል” ብለው ሳቁ። አንተ ግን ስግደትህን ስገድ፤ ሳቃቸው ንስሐህን አያስቀርልህም።

አሁን የጠየቅከኝን። የአባትህን ገመድ የያዘው ወልደአምላክ ነው፣ ባሌ። ገመዱም አልተበጠሰም። ተበጠሰ ያልንህ በእሱ ቤት ስለምታድግ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አገሩ ሁሉ የሚያውቀውን አንተ ብቻ ሳታውቅ ቀረህ።

ያን ቀን ሁለቱ ብቻ ነበሩ የሄዱት። ወልደአምላክ ብቻውን ተመለሰ። ገመዱን መዳፉ ላይ ጠምጥሞ ነበር መሰለኝ፣ የእጁ ሥጋ ተገፎ አጥንቱ ይታይ ነበር። ቀኝ እጁ የማይዘረጋው በማረሻ ነው ብለንህ የለ? አይደለም። መንደሩ “ለቀቀው” አለ። ገበያ ሲወጣ ሰው ይጠቋቆምበታል፤ እኔ ውሃ ስቀዳ ሴቶቹ ዝም ይላሉ። እሱ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ አላለም፤ እኔም ለቅቄዋለሁ እንዳይለኝ ፈርቼ አንድም ቀን አልጠየቅኩትም። ወንድሜን እያለቀስኩ ከእሱ ጋር አንድ መደብ ላይ ተኝቼ አርባ ዓመት ኖርኩ። ሰው ይህን ማን ችሎት ይኖራል ይላል፤ ይቻላል።

አባን ለምኜ ያስገዘትኩት ለሚወርደው ብዬ አይደለም፣ ዓባይነህ። ለሚይዘው ብዬ ነው። የወደቀውማ አንዴ ወድቋል። ከዚህ ቤት ሌላ ሰው ወልደአምላክ የሆነውን እንዳይሆን ብዬ ነው። አንተ ያችን ልጅ ይዘህ ብትለቃት ኖሮ፣ ማን ይሸከምህ ነበር?

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ደብዳቤህን አውጥቼ አነበብኩለት። ልተው ልተው እያልኩ ነበር፤ ግን አንተ ጠይቀሃል፣ ለሟች ልጅ ይህን መከልከል ነውር ነው። ራሱን አቀርቅሮ ሰማ። በረዶው ተገመሰ ያልከው ላይ ስደርስ እጁን አንስቶ አስቆመኝ።

“ያዛት?” አለኝ።

“ያዛት” አልኩት።

“ተነሳ አላልሽም? ከመሬት ተነሳ አላልሽም?”

“ተነስቷል፤ ግን አልለቀቀም” አልኩት።

“ድገሚልኝ” አለ። ደገምኩለት። ሦስተኛም ጊዜ አስነበበኝ። ከዚያ ተነስቶ ወጣ፤ አጥሩ ጋ ቆሞ አየሁት፤ ተከትዬው አልሄድኩም። ሲመለስ ፊቴ ተቀመጠና በአርባ ዓመት ያልተናገረውን ተናገረ። አባትህ ተሻገር የቆመበት ድንጋይ ሲናድ ገመዱ ወልደአምላክን እየጎተተ እስከ ገደሉ አፋፍ አደረሰው። አባትህም ከታች አየው። “ልቀቀኝ! ሁለታችን እንዳንሄድ፣ ልጄን ማን ያሳድጋል፣ ልቀቀኝ!” ብሎ ጮኸ አለ።

እኔ ያኔ ጠየቅኩት። “ታዲያ ለቀቅከው?” አልኩት።

“እኔ አልለቀቅኩትም፤ እጄ ነው የለቀቀው” አለኝ። “ይህን ለዓባይነህ ጻፊለት።”

ጻፍኩልህ።

አክስትህ ካሰች